ግራኝ ነኝ፤ ሽጉጡ ግን ለቀኝ ተሠርቷል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ገጹን በሙሉ ለግራኞች ሰጥቻለሁ። ባለፈው ስለ ጥበቃ ሠራተኞች የተኩስ ስልጠና ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ናቸው ያስገደዱኝ። ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ዳር የተጻፉ ናቸው፤ ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ። ይገባኛል። ፋብሪካውና መጋዘኑ ያለው እዚያ ነው፣ ጥበቃውም እዚያው ነው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ስለሆነ 30 ጥበቃ ያለው ግቢ ሁለት ሦስት ግራኝ ቢኖረው አይገርምም፣ አለቃቸው ባያውቅም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። ይህ ሁሉ ፈቃድ ላለውና ሥራው መሣሪያ ለሚያስይዘው ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ እኔም ከዚያ ውጭ ለማንም አልመክርም። ሁለተኛው፣ ከዚህ በታች «ተለማመድ» ያልኩት ሌላ ነገር ካልጠቀስኩ በቀር በባዶ ሽጉጥ ነው፣ ያውም የድርጅቱ ኃላፊ በፈቀደው ቦታ። ካርታው (የጥይት መያዣው) ይወጣል፣ ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበው ክፍል) ይሳባል፣ ጥይት አለመጉረሱ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ይህን የሚዘል ሰው የቀረውን ባያነብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግራኝ ነኝ። ማታ ማታ የምንረከበው ማካሮቭ ሽጉጥ ነው። ስልጠና ላይ በግራዬ ስይዝ አሰልጣኙ «ይሄ በግራ አይሠራም፣ በቀኝህ ልመድ» አለኝ። በቀኜ ተኮስኩ፣ ወረቀቱን እንኳ አላገኘሁትም፣ ሰው ሳቀብኝ። በግራዬ ስይዝ ደግሞ እውነትም ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) ጋ አውራ ጣቴ አይደርስም። ሥራዬን እወደዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግራህ ተኩስ። ሥራህንም አትልቀቅ።

አሰልጣኝህ ያየው ነገር እውነት ነው፣ የደረሰበት መደምደሚያ ነው ልክ ያልሆነው። ሽጉጥ ሠሪዎች ከ10 ሰው ዘጠኙን አስበው ነው የሚሠሩት። ቀኝ እጅ እጀታውን ሲጨብጥ አውራ ጣት የሚያርፈው በሽጉጡ ግራ ጎን ነው። ስለዚህ ሴፍቲውን፣ የስላይድ ማቆሚያውን፣ በብዙዎቹ ላይ የካርታ መልቀቂያውንም ግራ ጎን ላይ ደረደሩት። አንተ በግራህ ስትይዝ አውራ ጣትህ ቀኝ ጎን ላይ ያርፋል፣ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ ነው። ግን እስቲ ልብ ብለህ እይ፤ በግራህ ስትይዝ አመልካች ጣትህ የት ነው የተዘረጋው? ቁልፉ ሁሉ ባለበት ጎን ነው። ምላጭ ላይ በማይሆንበት ጊዜ መቀመጥ ያለበትም እዚያው ነው። የግራኝ ተኳሽ ዘዴ በሙሉ ከዚህ ይነሳል። ቀኝ ተኳሽ በአውራ ጣቱ የሚሠራውን አንተ በአመልካች ጣትህና በነጻው ቀኝ እጅህ ትሠራዋለህ።

ወደ ማካሮቭ እንምጣ። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ነው፣ ካርታው 8 ጥይት ይይዛል። ለግራኝ ከሚባለው በላይ ይመቻል። እጀታው ከኋላ በአንድ ብሎን የሚታሰር አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ መዳፍህን አይቆረቁርህም። የካርታ መልቀቂያውም ጎን ላይ አይደለም፣ እጀታው ግርጌ ከኋላ ነው። ቀኝ ተኳሹ ጓደኛህም ካርታ ለማውጣት ሌላኛውን እጁን ይፈልጋል። አንተ በቀኝ አውራ ጣትህ መልቀቂያውን ወደ ኋላ ትገፋለህ፣ በዚያው እጅ ካርታውን ትስባለህ። በዚህ ከማንም አታንስም።

የቀረው ሴፍቲው ነው። ስላይዱ ላይ፣ ከኋላ፣ በግራ በኩል አለ። ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ ወደ ታች ሲሆን ይተኩሳል። ሲቆለፍ መዶሻውን (ከኋላ መትቶ የሚያስተኩሰውን) በሰላም ያወርደዋል፣ ስላይዱንም እንዳይሳብ ይይዘዋል።

እንዲህ አድርግ። ሽጉጡ በግራህ ይሁን፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው፣ አመልካች ጣትህ ከምላጩ ውጭ። ቀኝ እጅህን ከላይ አምጥተህ የስላይዱን የኋላ ክፍል ጨብጥ። መዳፍህ ከላይ ሲሆን ጣቶችህ በግራ ጎን ይወርዳሉ፣ ሴፍቲውንም እዚያው ያገኙታል። በቀኝ አመልካች ጣትህ ወደ ታች ግፋው። ከዚያ ቀኝ እጅህ ወደ እጀታው ወርዶ ግራህን ያግዛል። ስትቆልፍም በዚያው መንገድ ወደ ላይ ታነሳዋለህ። መጀመሪያ ዝግ ብለህ ሥራው። እንቅስቃሴው አንድ ወጥ እስኪሆን ድረስ ፍጥነት የሚባል ነገር አታስብ። ቀኝ እጅህ ደግሞ መቼም ቢሆን ከአፈሙዙ ፊት አይለፍ፣ ሁልጊዜ ከኋላና ከላይ ይምጣ።

ግራ አውራ ጣታቸውን በስላይዱ ኋላ አሻግረው ሴፍቲውን የሚጫኑም አሉ። እኔ አልወደውም። ጭብጡ ይላላል፣ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይደርስበትም።

ካርታው ሲያልቅ ስላይዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይቆማል። አዲስ ካርታ ካስገባህ በኋላ ማቆሚያውን በግራ አመልካች ጣትህ መጫን ትችላለህ። እኔ የምመክርህ ግን ስላይዱን በቀኝ እጅህ ወደ ኋላ ስበህ እንድትለቀው ነው። አንደኛ፣ ይህ በየትኛውም ስላይድ ባለው ሽጉጥ ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ጣት በድንጋጤና በብርድ ሲደነዝዝ ትንሽ ቁልፍ መፈለግ ይከብዳል፣ የገላንን የሐምሌ ሌሊት ደግሞ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ሦስተኛ፣ ምላጭ የሚስበው ጣት ሌላ ሥራ ሲበዛበት ሳያስበው ምላጩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለህ፤ ብዙ ቀኝ ተኳሾች አውራ ጣታቸው ማቆሚያው ላይ ስለሚያርፍ ካርታው ሲያልቅ ስላይዱ ሳይቆም ይቀራል። የአንተ አውራ ጣት ግን እዚያ ጎን የለም።

ነገ ድርጅቱ ሌላ ሽጉጥ ቢያመጣስ? ቶካሬቭ ቲቲ ከሆነ ጎኑ ላይ ሴፍቲ የሚባል የለውም፤ ስለዚህ ጥይት ጎርሶ አይያዝ። የካርታ መልቀቂያው ከምላጩ ኋላ በግራ ያለች ቁልፍ ናት፣ በግራ አመልካች ጣትህ ትጫናታለህ፣ ጭብጥህን ሳትቀይር። ቀኝ ተኳሹ ብዙ ጊዜ አውራ ጣቱ እንዲደርስለት ሽጉጡን በእጁ ውስጥ ማዞር ግድ ይሆንበታል። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ከሆነ ሴፍቲው በሁለቱም ጎን ስላለ ደስ ይልሃል፣ ግን ተጠንቀቅ፣ አቅጣጫው የማካሮቭ ተቃራኒ ነው። ቤሬታ ላይ ወደ ታች ተቆልፏል፣ ወደ ላይ ይተኩሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው ይህን በእጁ እስኪለምድ ድረስ በጥይት መነካካት የለበትም። ሲዜድ 75 ሴፍቲው በግራ ብቻ ነው፤ ሲዜድ 85 የሚባለው ወንድሙ ግን ሁለቱንም እጅ አስቦ የተሠራ ነው። ግሎክ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በወጣው አራተኛው ትውልድ የካርታ ቁልፉን ወደ ቀኝ ጎን ማዛወር ይቻላል፣ በ2017 በወጣው አምስተኛው ላይ ደግሞ የስላይድ ማቆሚያው በሁለቱም በኩል አለ። የመሣሪያ ግዥ የሚወስን ሰው ይህን ካነበበ፣ ለሁለቱም እጅ የሚሆን ሽጉጥ ቀኝ ተኳሹንም አይጎዳውም፤ ቀኝ እጁ የቆሰለ ጥበቃ በግራው መከላከል ሊኖርበት ይችላልና።

አሰልጣኝህን በአክብሮት አነጋግረው፣ በሰው ፊት አይሁን። ስልጠናው ሲያልቅ ባዶ ሽጉጥ ይዘህ ዘዴውን አሳየው። አሁንም «ሽጉጥ በግራ አይሆንም» ካለህ ስለ ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች ንገረው። ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ የፈነዳ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን አበላሸው። በግራው ተለማመደ፣ በ1948 ለንደን ላይ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። እሱ እጁን የቀየረው አማራጭ ስላጣ ነው። አንተ ደህና ግራ እጅ እያለህ ወደ ደካማው እንድትሄድ የሚያስገድድህ ምንም ምክንያት የለም። ግራህ ከጸና በኋላ ቀኝህንም ለክፉ ቀን ብታለማምደው ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ሰበታ ነው። ልጄ በልጅነቱ ግራኝ ነበር። እኛም እንደ ዘመኑ ልማድ ግራ እጁን ከገበታ እየመለስን፣ እርሳሱንም ወደ ቀኝ እያዛወርን አሳደግነው። ዛሬ በቀኙ ይጽፋል፣ በቀኙ ይበላል። አሁን አንድ የጥበቃ ድርጅት ሊቀጥረው ነው፣ ስልጠናም ይጀምራል። በየትኛው እጁ ቢማር ይሻላል? ግራነቱ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ አልጠፋም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ እንዳደግን አስቤ ልቤ ተነካ፤ ስለዚህ አይጸጸቱ። በቀኝ መጉረስና በቀኝ መቀበል የእኛ ወግ ነው፣ ልጅዎ ለወጉ አላነሰም። ነገር ግን መብላትና መጻፍ ተምሮ የያዛቸው ስለሆኑ ምስክር አይሆኑንም። ማንም ያላስተማረውን ይመልከቱ። ድንጋይ ሲወረውር በየትኛው ነው? ምስማር ሲመታ መዶሻውን የሚይዘው በየትኛው ነው? ቁልፍ በድንገት ቢወረውሩለት በየትኛው ይቀልባል? ሳያስብ የሚያደርገው እጅ የምላጭ እጁ ነው። ስልጠናው ላይ ያለው ሁሉ ድንጋጤ ሲመጣ ሳያስብ እንዲሠራ ነውና።

ቀጥሎ ዓይኑን ይፈትኑት። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ ነው። ሰው እንደ እጁ ሁሉ የሚመራ ዓይንም አለው፣ ከእጁ ጋር ግን ሁልጊዜ አንድ ወገን አይደለም። ከሰው ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመራው ዓይኑ ቀኙ ነው፣ ከግራኞችም ጥቂት የማይባሉት እንዲያ ናቸው። ውጭ አስወጥተው ያቁሙት። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አውራ ጣቶቹንና አመልካች ጣቶቹን አገጣጥሞ በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይሥራ። ሁለቱም ዓይኑ ተከፍቶ ራቅ ያለ የመብራት ምሰሶ በቀዳዳው ውስጥ ይይ። እጁን ሳያንቀሳቅስ ግራ ዓይኑን ይጨፍን። ምሰሶው ካልጠፋ የሚመራው ቀኝ ዓይኑ ነው፣ ከጠፋ ግራው ነው።

እጁ ግራ፣ ዓይኑም ግራ ከሆነ ነገሩ አለቀ። እጁ ግራ ሆኖ ዓይኑ ቀኝ ከሆነም አይጨነቁ። ሽጉጥ ከፊት በተዘረጋ እጅ ስለሚያዝ የትኛውም ዓይን ፊት ሊመጣ ይችላል። ፊቱን ትንሽ ወደ ግራ ትከሻው ያዙር፣ ወይም ሽጉጡን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ዓይኑ ፊት ያምጣው። ሽጉጡን ግን በጎኑ አያጋድለው። ክላሽ ወይም ሌላ ጠመንጃ የሚሰጡት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ስለሚደገፍ በዚያው ወገን ባለው ዓይን ማነጣጠር ግድ ይሆናል፣ ስለዚህ ዓይኑን አስቀድሞ ለአሰልጣኙ ይንገር። በሁለቱም እጁ እኩል የሚወረውር ዓይነት ከሆነ ደግሞ በባዶ ሽጉጥ ሁለቱንም ሞክሮ አንዱን በመጀመሪያው ሳምንት ይምረጥ። ዛሬ በግራ ነገ በቀኝ ማለት ከሁለቱም ያጎድላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ ገንዘብ ከሚያጅቡ ጥበቃዎች አንዷ ነኝ። በግራዬ ነው የምተኩሰው፣ እሱን ፈቅደውልኛል። ችግሬ ጥይቶቼ ሁሉ ከመሃል ወደ ታች ቀኝ ይወርዳሉ። የሰጡን ስህተት መለያ ወረቀት «ታች ቀኝ ከሄደ ጭብጥህን እያጠበቅህ ነው» ይላል። አላላሁት። ባሰብኝ! አሁን ጭራሽ ቀለሃው (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቅርፊት) እየተመለሰ ግንባሬን ይመታኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱ ለቀኝ ተኳሽ የተሠራ ነው። አንቺ ገልብጠሽ ነው ማንበብ ያለብሽ፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተሽ በጀርባው በኩል ብታይው የአንቺ ይሆናል። በቀኝ ተኳሽ ወረቀት ላይ «ታች ግራ» ምን ይላል? ምላጩን በድንገት መንጨቅ። ለአንቺ «ታች ቀኝ» ማለት እሱ ነው። ጭብጥሽ ደህና ነበር፣ ያላላሽው ደህናውን ነገር ነው።

የቀለሃውም ምክንያት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሽጉጡ ሲተኩስ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚሄደው እጅሽ እጀታውን አጥብቆ ስለያዘው ነው። የእጅ አንጓሽ ሲላላ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስላይዱ ጉልበት ያጣል፣ ቀለሃውም በቀኝ በኩል ርቆ መውደቁን ትቶ ወደ አንቺ ይመለሳል። ብዙዎች ይህን የግራኝ እጣ ያደርጉታል፣ አይደለም። ሽጉጥ ከፊትሽ ተዘርግቶ ስለሚያዝ ቀለሃው ከአንቺ ርቆ ወደ ቀኝ መውደቅ አለበት። ጭብጥሽን መልሽ፣ ክንድሽን ዘርጊ፣ አንጓሽን አጽኚ። ይህን ሁሉ አድርገሽም ግንባርሽን ከመታሽ ሽጉጡ የቀለሃ ማውጫው ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ለመሣሪያ ባለሙያ ይታይ።

ምላጭ መንጨቁን በባዶ ሽጉጥ ታርሚዋለሽ። ከፊት ያለችው ማነጣጠሪያ አጠገብ ስላይዱ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጪ። ምላጩን ቀስ አድርገሽ ሳቢ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ መዶሻው ከመታ ጣትሽ እየተስተካከለ ነው። የተኩስ ሜዳ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ ሳይነግርሽ ካርታው ውስጥ አንድ የልምምድ የውሸት ጥይት ይቀላቅልልሽ። እሷ ላይ ስትደርሺ ሽጉጡ አይጮህም፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሲንደፋደፍ ግን ራስሽ ታይዋለሽ። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

መነጽርና ጠርዝ ያለው ኮፍያ አትርሺ፣ የሸሚዝሽንም የላይኛውን ቁልፍ ቆልፊ። ትኩስ ቀለሃ አንገትጌ ውስጥ ከገባ ሰው ሳያውቀው ሽጉጡን ይዞ ይዞራል። ቢያቃጥልም መጀመሪያ ጣትሽን ከምላጩ አውጪ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳለ ያዢው፣ ቀለሃውን ከዚያ በኋላ ታወጪዋለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ አሰልጣኝ ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ። ከ20 ሰልጣኞቼ ሁለቱ ግራኞች ናቸው። ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ፣ ግን ሰልፉ ላይ ያስፈሩኛል። ስላይድ ሲስቡ አፈሙዛቸው ወደ ቀኝ ጎረቤታቸው ይዞራል። ለብቻቸው ላሰልጥናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ስላለ ደስ ብሎኛል። ያየኸው ትክክል ነው። ቀኝ ተኳሽ በግራው ስላይድ ሲስብ አፈሙዙ ወደ ግራ መዞር ይወዳል። ግራኝ ሲስብ ወደ ቀኝ። ሁለቱም ጥፋት ነው፣ አፈሙዝ ወደ ኢላማው እንዳለ ስላይዱ ብቻ ነው መንቀሳቀስ ያለበት። እስኪስተካከል ድረስ ግን ግራኞቹን በሰልፉ ቀኝ ጫፍ አቁማቸው። አፈሙዙ ቢሳሳት እንኳ በዚያ በኩል ሰው አይኖርም። በሁለቱ መሃልም ሰፋ ያለ ክፍተት ተው። ለብቻ ማውጣት አያስፈልግም፣ ለብቻ የወጣ ሰው የሚማረው እኔ ችግር ነኝ የሚለውን ነው።

ስታስተምር ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቁም። አንተ በቀኝህ የምትሠራውን ግራኙ ፊት ለፊትህ ሆኖ ሲያይ ልክ በመስታወት እንደሚያይ ነው፣ ሳይገለብጥ ይከተልሃል። ለቀኝ ተኳሾቹ ጎናቸው ትቆማለህ፣ ለግራኞቹ ፊት ለፊት፤ እርግጥ ሽጉጦቹ ባዶ መሆናቸው በሁለት ሰው ከተረጋገጠ በኋላ፣ አፈሙዙም ወደ ሰው ሳይሆን ወደ መሬት ሆኖ። ትዕዛዝህንም ቀይረው። «ቀኝ እጅህን፣ ግራ እጅህን» ማለት ትተህ «የምላጭ እጅ» እና «አጋዥ እጅ» በል። ሁሉም ሰልጣኝ አንድ ትዕዛዝ ይሰማል፣ ማንም ቆሞ አያሰላም።

ለምደባም ይጠቅምሃል። በግድግዳ ተከልሎ ሲተኩስ ግራኝ በግድግዳው ግራ ጠርዝ ሲወጣ ገላው ብዙም አይጋለጥም፣ ቀኝ ተኳሽ ደግሞ በቀኝ ጠርዝ። በር ላይ ሁለት ሰው የምትመድብ ከሆነ አንዱ ግራኝ ቢሆን ሁለቱም ጠርዝ ሰው አገኘ። ድርጅቶች ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ሀብት ቢያዩት ምንኛ ጥሩ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ሁሉ የተኩስ ሜዳ አይደለም። የሽጉጥ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ በዚያ ርቀት ውስጥ ደግሞ እረኛም አራሽም አዲስ ሰፋሪም አለ። በተፈቀደ ሜዳና ከኋላው አፈር ክምር ባለው ኢላማ ላይ ብቻ።

ጥያቄ፦ ለሁላችንም የተሰጠን የሽጉጥ ማህደር በቀኝ ወገብ የሚታሰር ነው። በግራዬ አሻግሬ ላውጣ?

መልስ፦ አታሻግር። ከቀኝ ወገብህ በግራ እጅህ ስታወጣ እጅህ ይጠማዘዛል፣ አፈሙዙም በራስህ ሆድና በጎንህ ባለው ሰው ላይ ይዞራል። የግራ ማህደር ጠይቅ። ከሌለ መርካቶ ጥሩ ቆዳ ሠራተኛ አይጠፋም። ያለውን ማህደር ወስደህ ልክ በመስታወት እንደሚታየው ገልብጦ እንዲሠራልህ ንገረው፣ አስቀድመህ ግን አለቃህን አስፈቅድ፣ ሽጉጡን ራሱን ደግሞ ወደ ሱቅ ይዘህ አትሂድ። ቆዳው ወፍራምና ጠንካራ ይሁን፣ ምላጩን በሙሉ ይሸፍን፣ ከላይ የሚቆለፍ ክዳን ወይም ማሰሪያ ይኑረው። ለስላሳ ቆዳ ሲለሰልስ ታጥፎ ምላጩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትርፍ ካርታውን በቀኝ ወገብህ አድርገው፣ የሚቀይረው ቀኝ እጅህ ነውና። ባትሪህንም በቀኝ። ዱላ የምትይዝ ከሆነም በቀኝ፣ ግራህ ነጻ ይሁን።

ጥያቄ፦ በፈቃድ የያዝኩት የድሮ ስድስት ጎራሽ አለኝ። ግራኝ ነኝ። ጥይት ስለውጥ ሁልጊዜ እደነባበራለሁ።

መልስ፦ ስድስት ጎራሽ ስላይድም ሴፍቲም ስለሌለው ሲተኩስ ለግራኝ እኩል ነው። ችግሩ ሲሊንደሩ (ጥይቱ የሚሞላበት ክብ ክፍል) ወደ ግራ መከፈቱ ነው። ሽጉጡን ከግራ እጅህ አታውጣ። የሲሊንደሩን መክፈቻ በግራ አመልካች ጣትህ ንካው፤ እንደ ሥሪቱ ወደ ፊት የሚገፋ አለ፣ ወደ ኋላ የሚሳብም አለ። ግራ አውራ ጣትህ ቀኝ ጎን ላይ ስለሆነ ሲሊንደሩን ከዚያ ወደ ግራ ገፋ አድርገህ ታስወጣዋለህ። አፈሙዙን ወደ ላይ አንሳ፣ ማውጫ ዘንጉን በቀኝ መዳፍህ አንዴ በደንብ ምታው፣ ቀለሃዎቹ ይወድቃሉ። አፈሙዙን ወደ መሬት መልስ፣ በቀኝ እጅህ ጥይቱን ሙላ፣ በቀኝ መዳፍህ ቀስ ብለህ ዝጋው። እንደ ፊልም በእጅ ምንጨቃ አትዝጋው። ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ ይታጠፋል፣ ከታጠፈ ደግሞ ሲሊንደሩ ከበርሜሉ ጋር በትክክል አይገጥምም፣ ያን ማቃናት የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው።